9፡00 ያልኩት ሰዓት

ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆች፣

በፒኤችፒ፣ ድረ ገጽ በሚሠራበት የኮድ ቋንቋ፣ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ካስለቀሰኝ ስህተት አብዛኛው የቀንና የሰዓት ነው።

አንዱን ላውጋችሁ። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ሠራሁ። ታካሚው ስልክ ላይ «ቀጠሮዎ ነገ 9፡00 ሰዓት ነው» የሚል መልእክት ይገባል። አንዲት እናት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከች አሉ። ሐኪሙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጠብቋቸው ወጥቷል። «9 አላላችሁም እንዴ?» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ የጻፍኩት በፈረንጅ ሰዓት ነበር።

ጥፋቴ ማስቀመጥንና ማሳየትን ማደባለቄ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው ቅጽበቱ ብቻ ነው፣ በዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም ሁሉ በሚጋራው መነሻ ሰዓት። «ጠዋት 3 ሰዓት» የሚባለው ሰው ፊት ሲቀርብ ነው፦ ዩቲሲ 6፡00፣ በአዲስ አበባ ዞን 9፡00፣ በእኛ አፍ 3 ሰዓት። አቋራጭ አትፈልጉ። ዞኑን በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስቦ «ተስተካከለ» ያለኝ ልጅ ነበር፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የገባ መዝገብ ሁሉ የትናንት ቀን ይዞ ተገኘ።

ልዩነቱንም በቁጥር አትጻፉ፣ ዞኑን በስሙ ጥሩት። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁ በብርዱ ወራት ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ በሙቀቱ 7።

ቀን ስትቀበሉ ደግሞ ስትርቱታይምን፣ ጽሑፍን ወደ ቀን የሚቀይረውን የፒኤችፒ ፋንክሽን፣ አትመኑት። «05/03/2024» ስትሉት ሜይ 3 ነው ይላል፤ በሰረዝ «05-03-2024» ስትሉት ማርች 5። ቅርጹን ራሳችሁ ንገሩት።

ጳጉሜንስ? ወሩ ከ12 እንዳይበልጥ የሚፈትሽ ፎርም ጳጉሜን 3 የተወለደን ልጅ አልተወለደም ብሎ ይመልሰዋል። ሰባትና ስምንት እየቀነሳችሁ የራሳችሁን መቀየሪያ ከምትጽፉ፣ ኢንትል የሚባለው የፒኤችፒ ቅጥያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃልና እሱን ተጠቀሙ። እኔ የጻፍኩት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ በዋለበት ዓመት ጉድ ሠርቶኛል።

አንድ ቀጠሮ ልስጣችሁ። ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጊዜን በሴኮንድ ይቆጥራል፤ የቆጠራው መነሻ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቆጠራው በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የ0ና የ1 ቦታ፣ ሲያዝ ቦታው የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው። ፒኤችፒያችሁ 64 ቢት ከሆነ አይነካውም፤ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ታይምስታምፕ የተባለው የጊዜ ዓምድ ግን እዚያው ይቆማል። ዓምዶቻችሁን ከአሁኑ ዴትታይም ወደሚባለው ዓይነት ቀይሩ። ዕለቱ ጥምቀት ነው፤ እኔ ጃንሜዳ ነኝ፣ ስልኬን አላነሳም።