ጥያቄና መልስ፦ ቲሹው ሳይበተን ኤፒጀኖሙን ማንበብ

ሔኖክ፦ ዶክተር፣ ስፓሻል አታክ-ሴክ (ከኤፒጀኖሙ፣ ማለትም ጂኖች መቼ እንደሚሠሩ ከሚወስነው የዲኤንኤ አያያዝ፣ የተከፈቱትን ቦታዎች ቲሹው ላይ የሚያነበው ዘዴ) ዲኤንኤው ከቲሹው የትኛው ቦታ እንደመጣ እንዴት ያውቃል?

ዶክተር፦ ጥሩ ጥያቄ። በረዶ ሆኖ የተቀመጠ ቲሹ በስሱ ተቆርጦ ስላይድ ላይ ይለጠፋል። ቲኤን5 የሚባለው ኢንዛይም ክሮማቲኑ (በፕሮቲን ላይ የተጠቀለለው ዲኤንኤ) ላላ ባለበት እየገባ ዲኤንኤውን ይቆርጥና አዳፕተር የሚባል አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ይሰካበታል፤ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለውን አያገኘውም። ቀጥሎ ጥቃቅን ቦዮች ያሉት ቺፕ ይጫንበትና በየቦዩ የተለያየ ባርኮድ (መለያ የሚሆን አጭር ዲኤንኤ) ይፈስሳል። እሱ ይነሳና ቦዮቹ የፊተኞቹን የሚያቋርጡ ሁለተኛ ቺፕ ይተካል። ሁለቱ ባርኮዶች የተገናኙበት ነጥብ አድራሻ ሆነ ማለት ነው። 50 በ50 ቦይ 2500 ነጥብ ይሰጣል። የዬሉ የሮንግ ፋን ላብራቶሪ በ2022 የአይጥ ፅንስና የሰው ቶንሲል ላይ አሳይቶታል። ልብ በሉ፦ ነጥብ ሴል አይደለም!

ቤዛ፦ ቦዩ 20 ማይክሮን ከሆነስ? አንድ ሴል አይሆንም?

ዶክተር፦ አሁን ምን አልኩ? ቦዩ የሴል ድንበር አያውቅም። ሁለት ሦስት ሴል ሊደባለቅ፣ ግማሽ ኒውክለስም ሊገባ ይችላል።

ዳዊት፦ ክሮማቲኑ ከተከፈተ ጂኑ እየሠራ ነው ማለት ነው?

ዶክተር፦ አይደለም። መንገድ ስለተከፈተ መኪና አልፏል አይባልም። ለዚህ ነው በ2023 አታክንና ጂኑ መሥራቱን የሚያሳየውን አርኤንኤ ከአንድ የቲሹ ቁራጭ አብሮ ማንበብ የመጣው።

ናቲ፦ እኔ ግን ይሄ ሁሉ ቦይ ለምን እላለሁ። የሃርቫርዷ ዡዋንግ ቡድን ኤፒጀኖሚክ መርፊሽ የሚባለው ዘዴ እኮ በማይክሮስኮፕ ነጠላ ሴል ያሳያል።

ሊያ፦ የሚታየው አስቀድመህ የመረጥከው ቦታ ብቻ ነዋ! የማታውቀውን ኢንሃንሰር (የጂን ሥራን የሚያጎላ የዲኤንኤ ክፍል) በምን ታገኘዋለህ?

ናቲ፦ በተደባለቀ ነጥብ ከማገኘው ባላገኘው ይሻለኛል።

ዶክተር፦ ሊያ ልክ ናት፤ ናቲም አልተሳሳተም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ማሕሌት፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ዶክተር፦ አርክአር። ማኑዋሉን አንብቢ።

ሰለሞን፦ ዋጋውስ?

ዶክተር፦ አቅራቢ ጠይቅ።

ትዕግሥት፦ እኛ ጋ ያለው ፎርማሊን ገብቶ በፓራፊን የታሸገ ብሎክ ብቻ ነው። ይሆናል?

ዶክተር፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። ፎርማሊን ፕሮቲኑንና ዲኤንኤውን ያስተሳስራል፤ ብሎኩ ሲቆይ ደግሞ ዲኤንኤው ይሰባበራል። ለበረዶ ቲሹ የተጻፈውን ፕሮቶኮል እንዳለ ብትሠሪበት ቲኤን5 የሚገባበት ያጣል። ማስተሳሰሪያውን የሚፈታ ለብቻው የተዘጋጀ አሠራር ያስፈልግሻል። አዲስ ናሙና ካገኘሽ ግን ጠረጴዛ ላይ አታቆዪው፤ ወዲያው ኦሲቲ (ቲሹ ለማቀዝቀዝ የሚታቀፍበት ወፍራም ፈሳሽ) ውስጥ አስገብተሽ በፍጥነት አቀዝቅዢው። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ የበረዶው ክሪስታል ኒውክለሱን ይቀደዋል። ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝማ ፈጽሞ! ሲኩዌንሰሩ (ዲኤንኤ የሚያነበው ማሽን) የተበላሸ ቲሹ አይጠግንም።

አቤል፦ ዶክተር፣ ዳታዬ ጥሩ አይደለም፤ ምን ላድርግ?

ዶክተር፦ የምን ቲሹ? እንዴት ቀዘቀዘ? በየነጥቡ ስንት ፍራግመንት (የተቆረጠ የዲኤንኤ ቁራጭ) አገኘህ? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ቤዛ፦ ባለ 20 ማይክሮኑን እንደ ነጠላ ሴል ብተነትነውስ?

ዶክተር፦ ቤዛ!