ሥልጠና ልግባ ወይስ ረዳት ልሁን ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የአንድ ዓመት የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥልጠና አግኝተሃል። በሌላ በኩል አንድ ኮንትራክተር "ና ረዳት ሁነኝ፣ እየሠራህ ትማራለህ፣ ደሞዝም አለው" ብሎሃል። የቱን ልምረጥ ነው ያልከው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምን መሣሪያ ልግዛ ብለሃል። ከላይ የመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ "ተማር"፣ ግማሾቹ "ሥራ" እያሉ እርስ በርስ እየተከራከሩ ነው። እኔ ያኔ ደሞዙን አይቼ ረዳትነቱን መረጥኩ። ያንተ ነገር ቁርጥ የኔን ስለሚመስል ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ኮረንቲ ምን እንደሆነ አልነግርህም፣ እሱን የትም ታገኘዋለህ።

1. ረዳት ከሆንክ መሮና መዶሻ ይዘህ እንዳትቀር።

እኔ በድምሩ ሁለት ዓመት ተኩል ረዳት ነበርኩ። የመጀመሪያው ዓመት ግድግዳ ስበሳ፣ ቱቦ ስቀብር፣ ሽቦ ስስብ አለቀ። ይህን ስል ሥራውን እየናቅኩት አይደለም። ቱቦ መቅበር ራሱ ሙያ ነው። መታጠፊያ ካበዛህ ወይም በቀጭን ቱቦ ብዙ ሽቦ ካጨቅክ፣ ስትስብ ታለቅሳለህ። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የቱቦውን አፍ በደንብ ካልዘጋኸውማ ጉድ ነው። አንድ ጊዜ ረስቼ የአንድ ክፍል ጣሪያ ቱቦ በሙሉ በሲሚንቶ ተደፈነ። ያንን ኮንክሪት ስፈለፍል የዋልኩበትን ቀን ክንዴ እስካሁን ያስታውሰዋል።

ችግሩ ከዚያ አለማለፌ ነው። የብሬከር ፓናል፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ ኮረንቲ የሚቆርጡት ብሬከሮች ያሉበት ሣጥን፣ ሲታሰር የኔ ድርሻ ባትሪ ማብራት ነበር። አንድ ቀን ፎርማኑን "ይሄኛው ብሬከር ለምን 16 አምፔር ሆነ?" አልኩት። "16ቱ ካለቀ 32ም ይገባል" አለኝ። አመንኩት! ብሬከሩ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ መሆኑን የሰማሁት በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ነው። ለሶኬት በተዘረጋ 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ካሰርክ፣ ጭነቱ ሲበዛ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግን ይግላል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ሰውዬው አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ነበር እንግዲህ። ከሠራተኛ ትማራለህ፤ ስህተቱንም አብረህ ትማራለህ።

2. በየቀኑ የሠራኸውን ጻፍ፣ አስፈርም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልታነብ ከሆነ ይህቺን አንብብ። እኔን የጎዳችኝ እሷ ናት።

የመጀመሪያው ኮንትራክተር ጋ አንድ ዓመት ከአሥር ወር ሠራሁ። ስለቅ "የሥራ ልምድ ጻፍልኝ" አልኩት። ጻፈልኝ። አንድ መስመር፦ "በድርጅታችን በኤሌክትሪክ ሥራ አገልግሏል።" ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ደስ ብሎኝ በፕላስቲክ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሌላ ቦታ ስምንት ወር ሠርቼ የሙያ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ።

መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ወረቀቱን አገላብጦ "ምን ሠራህ?" አለኝ። "ኤሌክትሪክ" አልኩ። "ኤሌክትሪክማ እኔም ቤቴ አምፖል እቀይራለሁ" አለና ከጎኑ ወዳለችው ዞሮ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

ቀኑ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ የለም። ስንት ሰዓት እንደሠራሁ የለም። መስመር ዝርጋታ ይሁን፣ ፓናል ማሰር ይሁን፣ ፍተሻ ይሁን፣ ብልሽት መፈለግ ይሁን የተለየ ነገር የለም። በማን ሥር፣ በማን ፈቃድ እንደሠራሁም የለም። "ይህን ዘርዝረህ አምጣ" አለኝና ቀጣዩን ጠራ።

ወደ ድርጅቱ ሄድኩ፣ ቢሮው ተዘግቷል። ስልኩ አይሠራም። ፎርማኑን በሰው በሰው ፈልጌ አገኘሁት። "አስታውስሃለሁ፣ ጎበዝ ልጅ ነበርክ፣ ግን ቀኑን ከየት ላምጣው?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከየት ያመጣዋል? ወደዚያ መስኮት ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ ኃላፊው የለም፣ አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ "ከሰዓት ና"። በመጨረሻ የተቆጠረልኝ የስምንቱ ወር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው አሠሪዬ መዝገብ የሚይዝ ሰው ስለነበር። ያ አንድ ዓመት ከአሥር ወር ውሃ በላው።

ሰውዬውን እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ጥያቄው ግን ትክክል ነበር፣ እሱን እክዳለሁ አልልም። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ልምድ፣ ፈቃድ ለሚሰጥ ሰው ወሬ ነው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዛ። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ የሠራኸው ሥራ፣ ያሠራህ ሰው ስም፣ ፊርማ። በሳምንት አንዴ አስፈርም። "በኋላ እንፈርማለን" የሚል አሠሪ ካጋጠመህ፣ በኋላ የሚባል ነገር እንደሌለ እኔ ምስክር ነኝ። ገጹን በስልክህም ፎቶ አንሳው።

3. የተግባር ፈተናው የሚጥልህ ባላሰብከው ቦታ ነው።

ልምዴ ሲቃጠል ማታ ማታ የሚሰጥ ሥልጠና ገባሁ። ያው የሸሸሁት ነገር መጣልኝ፣ ያውም ዘግይቶ። እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ፈጣን ነበር። ፓናል ሳስር ሽቦዎቼ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። መምህሩ ለሌሎቹ እየጠራ ያሳያቸው ነበር። ስለዚህ ፈተናው ላይ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

የተሰጠኝ ሥራ አንድ ሶኬት መቀየር ነው። ቀላል። ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ኮረንቲ ስትነካ የምትበራዋን ካቻቢቴ ከኪሴ አወጣሁ፣ ነካሁ፣ አልበራችም፣ ልፈታ ስል ፈታኙ "እጅህን አንሳ" አለኝ። ካቻቢቴዋን ተቀብሎ ኮረንቲ ያለው ሌላ ሶኬት ውስጥ ከተታት። አልበራችም። ውስጧ ያለችው አምፖል ድሮ ሞታለች! "ኮረንቲ የለም ብለህ ያረጋገጥከው በሞተ ቴስተር ነው" አለኝ። ልቤ ዱብ አለ። ፈተናው እዚያው አለቀ፣ ወደቅኩ።

አሠራሩ ይህ ነው። ብሬከሩን ታጠፋለህ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራብህ ቆልፈህ ምልክት ታደርጋለህ። ቴስተርህን መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በምታውቀው ቦታ ትሞክራለህ። ከዚያ የምትሠራበትን ትለካለህ፦ ፌዝና ኒውትራል፣ ፌዝና ግራውንድ፣ ኒውትራልና ግራውንድ (ፌዝ ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ፣ ኒውትራል የሚመልሰው፣ ግራውንድ ከመሬት ጋር የተያያዘው ነው)። ከዚያ ቴስተሩን ተመልሰህ ኮረንቲ ባለው ቦታ ትሞክራለህ፤ መሀል ላይ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላላ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይት ላይ ስኖር አንድም ሰው እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። ለዚህ ነው "ሳይት ይበቃል" ለሚሉህ ሰዎች የማልስማማው።

4 ላይ ስለ ሽቦ ቀለም ልጽፍ ነበር፣ ግን ነገሩ እየረዘመ ነው። ባጭሩ ቀለም አትመን። በአይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደንብ አውጪ) ደንብ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፣ አረንጓዴና ቢጫው ግራውንድ፣ ለቤት መስመር ቡናማው ፌዝ። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ግን ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ነበር፤ መቀየር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጥቁሩ ፌዝ ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ባለሙያው ኪሱ ውስጥ የተረፈችውን ሽቦ ታገኛለህ። መለካት ነው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሥልጠናውን ግባ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ግን ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ራሱ ጋ ሄደህ "የዚህን ተቋም ምስክር ወረቀት ትቀበላላችሁ ወይ?" በል። የተቋሙን ሰዎች አትጠይቅ፣ እነሱ መቼም አዎ ነው የሚሉህ። የተግባር ክፍሉንም ግባና እይ። አንድ ፓናል ለስንት ተማሪ ነው? ሜገር አላቸው? ሜገር የሽቦውን ሽፋን በ500 ቮልት የሚፈትሽ መሣሪያ ነው፤ በእጅህ ሳትይዘው ከተመረቅክ ፍተሻ ተምሬያለሁ አትበል።

ኮንትራክተሩን ደግሞ ጨርሰህ አትሸኘው። ከትምህርት ውጪ ባለው ሰዓት ልሥራ በለው። ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ደብተሬን ትፈርማለህ? የማን ፈቃድ ሥር ነው የምሠራው? ከስድስት ወር በኋላ ፓናል አጠገብ እደርሳለሁ? ሦስተኛው ላይ ከሳቀ፣ የሚፈልገው ግድግዳ የሚበሳለት ሰው ነው።

እኔ በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። ፈቃዴን የተቀበልኩት ከዚያው መስኮት ነው፤ ሰውዬው አላወቀኝም፣ እኔም ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ዛሬ ሁለት ረዳቶች አሉኝ። ቅዳሜ ሒሳብ ከመክፈሌ በፊት ደብተራቸውን እፈርማለሁ። አንደኛው መጀመሪያ ላይ "ጋሼ፣ ምን ያደርግልኛል?" ይለኝ ነበር።

መሣሪያን በተመለከተ ድሪል አትግዛ፣ እሱ የኮንትራክተሩ ሥራ ነው። 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ካቻቢቴና ፒንሳ ያዝ፤ እጀታው ላይ ናስትሮ የተጠቀለለበትን አይደለም። ገንዘብህን ባለ ሁለት ጫፍ የቮልቴጅ ቴስተር ላይ አውለው። የምትበራዋን ካቻቢቴ እርሳት። የምትበራው በሰውነትህ በሚያልፍ ትንሽ ኮረንቲ ስለሆነ፣ ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ከቆምክ መስመሩ ኮረንቲ እያለውም ላትበራ ትችላለች። የኔዋን አልጣልኳትም፣ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ።