ውክልና ይዞ “ቤት ገዛሁ” ማለት

ጥያቄ፦ ከተጋባን 2 ዓመታችን ነው። ዕቁብ ጥለን፣ ከቤተሰብም ተበድረን ገንዘብ አሰባሰብን። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ከገበያው ረከስ አድርጎ ሊሸጥልን ነው። 5 ዓመቱ እስኪሞላ ውክልና ይሰጠናል። ተፈራርመን ቀሪውን ብር ብንከፍለው ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ አለው። እባካችሁ እንዳትከፍሉ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 እና 2877)። ኮንዶሚኒየም ደግሞ 5 ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ አይተላለፍም። ሻጩም ይህን ያውቃል። ዋጋውን ያረከሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ትልቁ ወጥመድ ውክልናው ነው። ስንት ባልና ሚስት ይህን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ቢሮዬ መጥተዋል። ማህተም አለው፣ “ለመሸጥ ለመለወጥ” ይላል፣ እና ቤቱ የኛ ነው ይላሉ። አይደለም። ተወካይ የሚሠራው በሌላ ሰው ስም ነው። ባለቤቱ ያው ሻጩ ነው። ነገ ጠዋት ሄዶ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል። ከሞተም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው ያበቃል (ቁጥር 2232)። ያኔ የምትነጋገሩት ከወራሾቹ ጋር ነው፤ እነሱ ደግሞ ብር ስትቆጥሩ አላዩም። ሻጩ ዕዳ ኖሮበት አበዳሪው ቤቱን ቢያሳግድም ካርታው ላይ ስማችሁ የለም። ደላላው “ለዋስትና የብድር ውል እንጽፋለን” ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ቢበዛ ብር ያስመልስ ይሆናል እንጂ ቤት አያሰጥም።

አሁን ወዳልነገርሽኝ ልምጣ። ሻጩ ባለትዳር ነው? ስለ ሚስቱ አንድ ቃል አልጻፍሽም። በትዳር ውስጥ የተገኘ ቤት በአንዱ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። እሷ ካልተስማማች፣ ሽያጩን ባወቀች በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። አንቺስ ብትሆኚ ዝም ትያለሽ? “ላጤ ነኝ” ካለ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። “ፈትቻለሁ” ካለ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ አሳዩን በሉት።

ሌላም አለ። “ቀሪውን ብር” ብለሻል። ቀብድ ከፍላችኋል ማለት ነው። ይህን መደበቅ አልነበረብሽም፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ውሉ ካልጸና የተከፈለ ገንዘብ የሚመለስበት መንገድ አለ። የባንክ ደረሰኙን፣ የፈረማችሁትን ወረቀት፣ ከደላላው ጋር የተጻጻፋችሁትን ቴክስት ሁሉ ሰብስቡ። ምንም እንዳታጠፉ። እሱን ይዛችሁ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ፣ ለሻጩ ከመደወላችሁ በፊት።