ጡት የሚጥሉ ጥጆችና «ጭንቀት የሚያስወግደው» ማዕድን

ጥያቄ፦ ጥጆችን ከእናቶቻቸው በምንለይበት ሳምንት በየዓመቱ አንድ ዓይነት ችግር ይገጥመኛል። ሦስት ቀን ያህል ድምፃቸው እስኪሰለል ይጮኻሉ፣ አጥሩን ተከትለው ይመላለሳሉ፣ መኖውን አሽትተው ይተዉታል። ዘንድሮ በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ማሳል ጀምረዋል። አንድ መኖ ሻጭ «ጭንቀት የሚያስወግድ ማዕድን» ያለውን ዱቄት አቅርቦልኛል። ማዕድን በእርግጥ ጭንቀትን ይቀንሳል? ከሆነስ የትኛውን፣ መቼ ልስጥ? ለበግ ግልገሎቼስ ያንኑ መስጠት እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሚያስሉትን ሁለት ጥጆች ዛሬውኑ ለይተው ሙቀታቸውን በፊንጢጣ ይለኩ። የጤነኛ ጥጃ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ልኬቱ 40 ካለፈ የሳንባ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያስፈልግዎ የእንስሳት ሐኪም እንጂ ዱቄት አይደለም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ ማዕድን ጭንቀትን አያስወግድም። ጥጃውን ያስጨነቀው ከእናቱ መለየቱ፣ የመኖው መለወጥና ከማያውቃቸው ጥጆች ጋር መቀላቀሉ ነው፤ ይህን የሚሽር ዱቄት የለም። ማዕድን የሚጠቅመው ጭንቀቱ ከሰውነት የሚወስደውን ለመተካት ነው። እንስሳ ሲጨነቅ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ይጨምራል፣ ዚንክንና መዳብን የመሳሰሉ ማዕድናትም ከወትሮው በበለጠ ከሰውነቱ ይወጣሉ። በሽታ የሚከላከሉት ሴሎች እነዚህኑ ማዕድናት አጥብቀው የሚፈልጉት በዚያው ሰሞን ሲሆን፣ ጥጃው ደግሞ መብላት አቁሟል።

አለመብላቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። 150 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በደህናው ጊዜ በቀን 4 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። በእያንዳንዱ ኪሎ መኖ ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ዚንክ ቢኖር፣ ይህም ለሥጋ ከብት በመደበኛነት የሚመከረው መጠን ነው፣ በቀን 120 ሚሊ ግራም ያገኛል ማለት ነው። ከእናቱ በተለየበት ሳምንት ግን የሚበላው የክብደቱን አንድ በመቶ፣ ማለትም 1.5 ኪሎ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚደርሰው 45 ሚሊ ግራም ነው። በጭንቀት ላይ ላሉ ጥጆች በኪሎ ደረቅ መኖ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም ዚንክና ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም መዳብ የሚመከረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የተጨነቀ ጥጃ ብዙ ዚንክ ስለሚያሻው ብቻ ሳይሆን፣ በይበልጥ ያችው ትንሽ ጉርሻ የቀኑን ድርሻ እንድትይዝ ነው።

ጊዜውንም የሚወስነው ይኸው ነው። መዳብንና ሴሌኒየምን ጉበት ሊያከማች ስለሚችል፣ ጥጆቹ ከመለየታቸው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ገና ከእናቶቻቸው ጋር ሳሉ በገንዳ መኖ መስጠት ይጀምሩ። ዚንክ ግን ብዙም ስለማይከማች ከተለዩ በኋላም በየቀኑ መቀጠል አለበት። ቀድሞ መጀመሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ እናቱ ከገንዳው ስትበላ አጠገቧ ሆኖ አፍንጫውን የነከረ ጥጃ፣ ብቻውን ሲቀር ገንዳው ምን እንደሆነ ያውቃል። እንደ እኔ ከሆነ ይህ ልምምድ ከዱቄቱ ይበልጣል። እናትና ልጅ እየተያዩ በጠንካራ አጥር ብቻ ቢለያዩም ጩኸቱና መመላለሱ በጉልህ ይቀንሳል።

ሴሌኒየም ከቫይታሚን ኢ ጋር ሆኖ ሴሎችን ከጉዳት የሚጠብቅ ሲሆን፣ እጥረቱ በጥጆችና በግልገሎች ላይ ጡንቻን የሚያነጣ በሽታ ያስከትላል። ሆኖም በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በከብት መኖ ላይ እንዲጨመር የተፈቀደው በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሴሌኒየም በመርፌ ሰጥቶ ከሆነ ዱቄቱን ከመጨመርዎ በፊት ይንገሩት።

ነጋዴዎች አብዝተው የሚያወድሱት ክሮሚየምን ነው። የኢንሱሊንን ሥራ ያግዛል፤ ረጅም መንገድ በተጓዙ ጥጆች ላይ በተደረጉ አንዳንድ ሙከራዎች ኮርቲሶልን ሲቀንስ ታይቷል፣ በሌሎች ግን ለውጥ አላመጣም። ገንዘብ ከተረፈ ይሞከር እላለሁ፤ ዚንኩና መዳቡ ሳይሟላ ግን አይቀድምም። ማግኒዚየምን በተመለከተ፣ በመኖ ላይ የሚጨመረው ማግኒዚየም ኦክሳይድ የተባለው ዱቄት ለአፍ ስለማይጥም በዚያ ሳምንት ጥጃው ጭራሽ መኖውን እንዲሸሽ ሊያደርገው ይችላል።

ማብዛት ማሻል አለመሆኑን ከአሳማ አርቢዎች መማር ይቻላል። ጡት የጣሉ የአሳማ ግልገሎችን ከተቅማጥ ለመከላከል በኪሎ መኖ እስከ 3,000 ሚሊ ግራም የሚደርስ ዚንክ በኦክሳይድ መልክ ይሰጥ ነበር፤ ዚንኩ ከፍጉ ጋር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ስለሚከማችና መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ስለሚያበረታታ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ አግዶታል።

ለበግ ግልገሎችዎ ግን የጥጆቹን ዱቄት በፍጹም አይስጡ። በግ ትርፍ መዳብን ማስወገድ ስለሚቸግረው በጉበቱ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ለሳምንታት ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ከዚያ ጉዞ ወይም ሌላ ድንገተኛ ጭንቀት ሲያገኘው የተጠራቀመው መዳብ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይለቀቅና ቀይ የደም ሴሎችን ያፈራርሳል። ሽንቱ የጠቆረ ቀይ ሆኖ፣ የዓይኑ ውስጥ ቢጫ ሆኖ የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ለማዳን ረፍዷል። ለግልገሎቹ ለበግ ተብሎ የተዘጋጀ፣ መዳብ ያልተጨመረበት ድብልቅ ይግዙ፤ ከጥጆቹ ገንዳም ያርቋቸው።