ሐዘንተኛው በየት በኩል ይውረድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአርክቴክቸር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ከመሬት በታች የሚሠራ መታሰቢያና የጥሞና ክፍል ነው። አማካሪ መምህሬ ትዕግሥቴን ጨርሰውታል። ሴክሽኔን (ሕንፃው ለሁለት ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል) ባቀረብኩ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶ አንስተው «ውሃው የት ይሄዳል? ሁለተኛው መውጫ የታለ?» ይላሉ። ስለ ዝምታው፣ ስለ ጨለማው፣ መውረዱ ስላለው ትርጉም አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ባለፈው ጁሪ፣ ማለትም መምህራን ሥራችንን በሚገመግሙበት መድረክ፣ ሥራዬን «ምድር ቤት» ብለው ጠሩት። ጎብኚው በጠባብ 40 ደረጃ 6 ሜትር ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ የሟቾቹ ስም ተቀርጿል። ከታች 9 በ9፣ ቁመቱ 4.5 ሜትር የሆነ፣ ሁለመናው እርቃን ኮንክሪት ክፍል ይቀበለዋል። (ደረጃ ለማይችሉ ከኋላ፣ ከፓምፕ ክፍሉ አጠገብ ሊፍት አለ።) ቦታው ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር ያህል ይዘቀዝቃል። ውሃውን ፓምፕ ያወጣዋል ብልም አልረኩም። የፈጠራ ሥራ እንዲህ በቧንቧ ጥያቄ መታነቅ አለበት? ጥልቀቱንስ ልቀንሰው ወይስ በሐሳቤ ልጽና?

መልስ፦ ቀንሰው። እኔን ያስከፋኝ ግን በቅንፍ ያለፍከው ሊፍት ነው። ወደ መታሰቢያ ደጋግሞ የሚመጣው ማን ነው? ያረጀች እናት፣ አብሮ ተጎድቶ የተረፈ ጓደኛ። እነሱን በጓሮ፣ በፓምፕ ጩኸት በኩል አስገብተህ፣ ስሞቹን ጉልበቱ ለጸና ብቻ ትተሃል። የሥራህ ልብ መውረዱ ከሆነ፣ መውረዱን የነፈግከው በጣም ለሚያስፈልጋቸው ነው።

ስለዚህ ደረጃውን ጣለውና ዋናው መግቢያ ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መንገድ ይሁን። በ1 ለ12 ተዳፋት (1 ሜትር ለመውረድ 12 ሜትር መሄድ) 6 ሜትር ለመውረድ 72 ሜትር ያስፈልጋል፤ በየ75 ሴንቲሜትሩ ከፍታ ልዩነት የ1.5 ሜትር ማረፊያ ሲጨመር 82.5 ይሆናል። ሲመለሱ ያደክማል። በ3 ሜትር ጥልቀት ግን 40.5 ሜትር ይበቃሃል። ስፋቱን 1.8 ሜትር አድርገው፤ አንዱ ቆሞ ስም ሲያነብ ሌላው በተሽከርካሪ ወንበር ማለፍ አለበት።

3 ሜትር ያንሳል እንዳትለኝ። ማያ ሊን በዋሽንግተን የቆመውን የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1981 ስታሸንፍ የ21 ዓመት የዬል ተማሪ ነበረች። ጥቁር የግራናይት ግድግዳዎቹ እያንዳንዳቸው 75 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ከፍ ባሉበት ቦታ እንኳ ቁመታቸው ከ3 ሜትር ብዙም አይዘልም። ደረጃ የለውም። ግድግዳው ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ሳታውቀው ከራስህ በላይ ይሆናል።

አማካሪህን በከንቱ አትውቀሳቸው። ኃይለኛ ዝናብ በጣለበት ሌሊት መብራት ከጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ደግሞ የሚበዛው ያኔ ነው። ቦታው 4 ሜትር ስለሚዘቀዝቅ፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ሲሆን ግን የቦታው ተዳፋት ራሱ ይገላግልሃል። ውሃ መከላከያ ሜምብሬኑን (ስስ ልባሱን) በግድግዳው የውጭ ፊት ላይ ለጥፍ፤ ከውስጥ ከለጠፍከው የውሃው ግፊት ይልጠዋል። ቀጥሎ ጠጠር ሙላ፣ ከመሠረቱ ግርጌ ባለ ቀዳዳ ቧንቧ አኑር፤ ቧንቧው በ1 በመቶ ቁልቁለት ያለ ፓምፕ በታችኛው ጫፍ ይወጣል። ሁለተኛው መውጫም በዚያው በኩል ሽቅብ ሳያስወጣ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል።

የክፍሉን ቁመት አትንካው። ጣሪያው ከመሬት በላይ ብቅ ይበልና በቆፈርከው አፈር ጉብታ አልብሰው፤ 40 ሴንቲሜትር ለሣር ይበቃል። ይኸው አፈር ውሃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር 800 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ዛፍ አትመኝ።

እርቃን ኮንክሪቱን ግን አልቀበለውም። በዚህ ስፋት አንድ ድምፅ እስኪጠፋ 9 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የአንድ ሰው ሳል የሁሉንም ጥሞና ይሰብራል። ኮርኒሱን በእንጨት ርብራብ ሠርተህ ከበስተጀርባው ድምፅ የሚውጥ ሚነራል ዉል የተባለ ቃጫ ብታደርግበት ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። ግድግዳው ኮንክሪት ሆኖ ይቆይልህ።

ለሚቀጥለው ጁሪ ሊፍቱን ሰርዘህ ቅረብ። 1:50 ሴክሽንህ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሣል፤ ዓይኑ ከወለሉ 1.2 ሜትር ያህል ላይ ነውና የስሞቹን ረድፍ ከዚያ ተነስተህ ደርድር።