ስላይዱ በማን እጅ ይሁን? ከሀዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ በርካታ አቅራቢዎች አንድን ስላይድ እየተቀባበሉ ስለሚያቀርቡበት መንገድ በሀዋሳ ከሚገኙ መምህራንና የፕሮጀክት ሠራተኞች የደረሱኝ ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር ቀርበዋል።

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ መምህር፣ ሦስት ሆነን በዙም ስናቀርብ ፋይሉ ያለው እኔ ዘንድ ስለሆነ ባልደረቦቼ በየመሀሉ «ቀጣዩ ይምጣልኝ» ይላሉ። መፍትሔ ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ አለው። መጀመሪያ ፓወር ፖይንቱን በስላይድ ሾው (ስላይዱ ስክሪኑን ሞልቶ በሚታይበት ማሳያ) ይክፈቱና ስክሪንዎን ሼር ያድርጉ፤ ከዚያም በሼር ማድረጊያው መደዳ ላይ «ስላይድ ኮንትሮል» የሚለውን ተጭነው የባልደረቦችዎን ስም ይምረጡ። ለእነርሱ የሚመጡላቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስዱት ምልክቶች ብቻ ናቸው። ስላይድ ሾው ሳይጀመር አማራጩን የሚፈልጉ ሰዎች «የእኔ ዙም የለውም» ሲሉ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ «ሪሞት ኮንትሮል» ብንሰጥስ ያው አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ሪሞት ኮንትሮል የተፈቀደለት ሰው ሼር በተደረገው ስክሪን ላይ በእርስዎ ማውዝና ኪቦርድ ስለሚሠራ፣ ሳይታሰብ ስላይዱን ሊዘጋ፣ ጽሑፍ ሊቀይር ወይም ሌላ ፋይል ሊከፍት ይችላል። ብልሽት ለማስጠገን ይጠቅማል እንጂ ስላይድ ለማሳለፍ ብቻ ብዬ አልሰጠውም፤ ቤት የመጣን እንግዳ ውኃ ለማጠጣት የጓዳን ቁልፍ ማስረከብ ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከመናኸሪያ)፦ ባልደረባዬ አንዴ ተጫንኩ ሲል ስላይዱ ሁለት ይዘላል። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ተጭኖ ነው። ትእዛዙ በኢንተርኔት ወደ እርስዎ ኮምፒውተር ደርሶ፣ የተለወጠው ምስል ደግሞ ተመልሶ እስኪታየው ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ መስመሩ ሲደክም ይህ ጊዜ ስለሚረዝም፣ ሰውየው ያልሠራለት መስሎት ይደግማል። አንዴ ተጭኖ ጥቂት መታገሥ ይበቃል። አኒሜሽን ካለ ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል፤ አራት ነጥቦች በየተራ የሚገቡበት ስላይድ አራት ጊዜ መጫን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ለጋራ አቀራረብ አኒሜሽኑን ማጥፋት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በማይክሮሶፍት ቲምስ ለምንሰበሰብስ?

መልስ፦ ፋይሉን በ«ፓወር ፖይንት ላይቭ» በኩል ካቀረቡት፣ በስብሰባው የአቅራቢነት ድርሻ ያለው ሁሉ «ቴክ ኮንትሮል» ብሎ ይረከባል፤ እርስዎም «ቴክ ባክ» ብለው ይመልሱታል። ተራ ተሳታፊ መረከብ አይችልም፤ ነገር ግን ለራሱ ብቻ ወደ ፊት እየገለጠ ሊያይ ይችላል፤ ይህን ካልወደዱ የዓይን ምልክቱን ተጭነው ይከልክሉ። በእኔ ግምት ለተቀባባይ አቅራቢዎች የሚመቸው ይኸኛው ነው፤ ስክሪንን እንደ ቪዲዮ ከማስተላለፍ ያነሰ የኢንተርኔት አቅም ይጠይቃልና።

ጥያቄ፦ በጉግል ሚት ለምንሰበሰብስ?

መልስ፦ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉግል ስላይድስን አብሮ የማቅረብ አማራጭ ቢኖረውም፣ በሁሉም ዓይነት አካውንት ላይ ስለማይገኝ አስቀድመው ይሞክሩት።

ጥያቄ (ከቱላ)፦ በዙም እያቀረብን ሳለ የፋይሉ ባለቤት ቤት መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ የማሳለፍ መብት የሚኖረው ስክሪኑ ሼር እስከተደረገ ድረስ ብቻ ስለሆነ አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ፋይል ቢያንስ በአንድ ሌላ አቅራቢ ላፕቶፕ ላይ ይኑር፤ ያ ሰው ስብሰባው ሳይጀመር ኮ-ሆስት (የስብሰባው ረዳት አስተናጋጅ) ይደረግ፤ ቢቻል ደግሞ ከዋይፋይ ይልቅ በሞባይል ዳታ ይግባ፤ ሁለቱ አቅራቢዎች አንድ ሰፈር ከሆኑ መብራቱ የሚጠፋው ለሁለቱም ነውና።