ሥራ ልቀይር ወይስ ልረፍ? ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በሥነ ልቦና አማካሪነት የምሠራ ሰው ነኝ። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ «ሥራ ልቀይር ወይስ ልታገሥ?» በሚለው መሐል የተያዙ ናቸው። ጥያቄያችሁን በግልጽ ጻፉ፤ የምችለውን ሁሉ እመልሳለሁ። ስም መጻፍ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ «ቴራፒዩቲክ ኮቺንግ» የሚሉት ምንድን ነው? እኛ እኮ ሽማግሌም የንስሐ አባትም አለን።

መልስ፦ ሁለት ሥራ አንድ ላይ ነው። ኮቺንግ ወደፊት ያያል፦ ምን ትፈልጋለህ፣ በምን ትጀምራለህ፣ መቼ? የሥነ ልቦና ምክር ደግሞ የያዘህን ነገር ይመረምራል፦ ፍርሃቱን፣ ኀዘኑን፣ «እኔ እኮ አይሳካልኝም» የሚለውን የቆየ ሐሳብ። ሥራ መቀየር ሁለቱንም ስለሚነካ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌና የንስሐ አባት ቦታቸው የከበረ ነው፤ እነሱን የሚተካ አይደለም። ልዩነቱ፣ አማካሪ «ይህን አድርግ» አይልህም፤ ብትለቅም ብትቆይም የሚቀርበት ነገር የለም። ስለዚህ ለቤተሰብ የማትናገረውን ለእሱ መናገር ይቀልሃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ «ኮች» የሚለውን መጠሪያ በብዙ አገር ማንም ሰው ለራሱ ሊሰጥ ይችላል። ከመጀመርህ በፊት ምን እንደተማረ፣ ጉዳይህ ከአቅሙ በላይ ቢሆን ወደ ማን እንደሚልክህ ጠይቀው። በዚህ ጥያቄ የሚቀየም ከሆነ ሌላ ፈልግ።

ጥያቄ፦ የጣና ገዳማት አስጎብኚ ነበርኩ። እንግዳ ከቀረ ቆየ። 38 ዓመቴ ነው፤ ከማስጎብኘት ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የደረሰብህን እንየው። ሥራውን የተውከው አንተ አይደለህም፤ ሥራው ነው ጥሎህ የሄደው። በ2012 ኮሮና፣ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ግጭት። እንዲህ ያለ ማጣት ኀዘን ነው፤ ነገር ግን ለቅሶ የሚደርስህ ሰው የለም። ይህን ኀዘን ሳይናገሩት ያገኙት ሥራ ላይ የሚገቡ ሰዎች አዲሱን ከድሮው ጋር እያወዳደሩ ሲጠሉት አያለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች የምናወራው ስለ ማመልከቻ ሳይሆን ስለ ቀረብህ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ወረቀት አውጣ። «አስጎብኚ» ብለህ አትጻፍ፤ አንድ የሥራ ቀንህን ጻፍ። ጠዋት ከጀልባ ነጂው ጋር ተከራክረህ ዋጋ ቆረጥክ። ዘጌ ወርዳችሁ በቡናው ጫካ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ አንዲት አሮጊት እንግዳ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አየህ፤ ሳታሳፍራቸው ሁሉንም ጥላ ሥር አቁመህ ስለ ቡናው ማውራት ጀመርክ። የመቅደሱን ሥዕል ለፈረንጁ በአንድ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ ለመጡ ተማሪዎች በሌላ መንገድ አስረዳህ። ከሰዓት ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ የመመለሻ ሰዓት ቀየርክ። እዚህ ውስጥ ድርድር አለ፣ የሰውን ሁኔታ ማንበብ አለ፣ ማስተማር አለ፣ አደጋን ቀድሞ ማየት አለ። እነዚህን የሚፈልጉ ሥራዎች ብዙ ናቸው፦ የቋንቋ ማስተማር፣ ትርጉም፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ የፕሮጀክት መስክ አስተባባሪነት። ከመቶ ዓመት በፊት በቦስተን የሙያ ምክርን የጀመረው ፍራንክ ፓርሰንስ ያስተማረው ዛሬም ይሠራል፦ ራስህን እወቅ፣ የሥራውን ዓለም እወቅ፣ ሁለቱን በማስተዋል አገናኝ። ምክር እንግዳ አያመጣልህም፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። የሚያደርገው እጅህ ላይ ያለውን እንድታይ ማገዝ ነው።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። እሑድ ማታ ሲሆን ሆዴ ይላወሳል፤ ተማሪዎቼ ላይ እጮኻለሁ። ሙያውን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና አትወስኚ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲገልጸው ሦስት ምልክት ሰጥቶታል፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ ውጤታማ አይደለሁም ማለት። በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። እንግዲህ አንድ ነገር አስታውሺ፤ ያለፈው ክረምት ሲያልቅ፣ መስከረም ላይ ክፍል ስትገቢ ደስ ብሎሽ ነበር? ደስ ካለሽ ችግሩ ሙያው ሳይሆን ድካሙ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የምንነጋገረው ስለ ክፍለ ጊዜ ብዛት፣ ስለ አለቃ፣ ስለ እረፍት ነው። አርፈሽም ከተመለስሽ በኋላ ያው ከሆነ መውጫውን በእርጋታ እንፈልጋለን። እንዲሁም ለሁለት ሳምንት የትኛው ሰዓት እንደሚያምሽ መዝግቢ፦ ማስተማሩ ነው? እርማቱ? ስብሰባው? «ሥራዬን ጠላሁ» የምትል ሰው ብዙ ጊዜ የጠላችው አንዱን ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ባንክ ለቅቄ የልብስ ስፌት ልጀምር ብል አባቴ አኮረፉ። እንዴት ላሳምናቸው?

መልስ፦ አባትህ የፈሩልህ ይመስለኛል፤ ፍርሃት ደግሞ በክርክር አይሸነፍም። የሚፈሩትን ጠይቃቸውና ሳታቋርጥ ስማቸው። ከዚያ ወረቀት ይዘህ ቅረብ፦ ያለ ደመወዝ ስንት ወር እንደምትቆይ፣ ማሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ካልሆነ ወዴት እንደምትመለስ። ሕጉንም እወቅ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣለህ። በየወሩ ከደመወዝህ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪህ የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይቆማል። ይህን አስቀድመህ ብትነግራቸው ነገሩን በደንብ እንዳሰብክበት ያያሉ።

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ መምጣት አለብኝ?

መልስ፦ ከአማካሪህ ጋር ከመጀመሪያው የቀጠሮ ቁጥር ቁረጡ። ጥቂት ቀጠሮ ከሄድክ በኋላ ምንም ካልተለወጠ በግልጽ ተናገር።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። እንቅልፍ ከራቀኝ ከወር በላይ ሆነ። ምግብ አስጠላኝ፤ አንዳንዴ ባልኖርስ እላለሁ። ሥራ ብቀይር ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ይህ አሁን የሥራ ጥያቄ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የድባቴ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ድባቴ ደግሞ ይታከማል። የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ዛሬውኑ የምታምኚው ሰው ይዘሽ ሂጂ። ሐሳቡ ከበረታ ብቻሽን አትሁኚ፣ ቀጠሮም አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ጠበል የምትጠመቂ ከሆነ መድኃኒት ማቆም አያስፈልግሽም፤ ሁለቱን አብረሽ ያዢ፣ ለሐኪሙም ንገሪው። የሥራው ጉዳይ ሲሻልሽ ይደርሳል። እባክሽ ስትደርሺ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ሳልለቅ እንዴት ልሞክር? ሐሳቤ ሐይቁ ዳር አሳ ቤት መክፈት ነው።

መልስ፦ አሳ ቤት ያላት ሰው ለምነህ ቅዳሜን አብረሃት ዋል፤ ማለዳ ከአጥማጆቹ ስትረከብ፣ አምባዛና ቆሮሶ ስትለይ፣ ስታጸዳ፣ ማታ ሒሳብ ስትዘጋ። ከመሄድህ በፊት የምትፈራውን ጻፍ፤ ስትመለስ ከሆነው ጋር አስተያየው። በዐቢይ ጾም የአሳ ገበያ ስለሚደምቅ በጾሙ ብቻ አይተህ አትወስን፤ ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ሥጋ ቤት ሲሄድም እዚያው ተገኝ። ኪራይ ከዚያ በፊት እንዳትፈርም።